ጋሪው የማይገፋበት ቦታ

ኢንጂነሯ ወደ ብርድ ልብስ ፋብሪካው የመጣችው ሥራ እንድታፋጥን ነበር። ባለቤቱ ሲቀጥራት «ሰዎቼ ደጎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን የኤሊ ነው። አፍጥኚልኝ» አላት። እሷ ደግሞ ለፍጥነት ሟች ናት። ስትበላ ትፈጥናለች፣ ስትናገር ትፈጥናለች፣ ባሏ እንደሚቀልደው ስትተኛም ትፈጥናለች። አንድ የምትመካበት አባባል አላት። «ልማድ ማለት ባለቤቱ የጠፋበት ስህተት ነው» ትላለች። አባባሉ የራሷ ፈጠራ ስለሆነ በየስብሰባው ሳትለው አትወጣም።

በመጣች በሳምንቷ ማጠናቀቂያ ክፍል ገባች። ይህ ክፍል ብርድ ልብሱ ከሽመና ወጥቶ የሚቆረጥበት፣ ጠርዙ የሚሰፋበትና የሚታጠፍበት ረጅም አዳራሽ ነው። ሴቶች በግራና በቀኝ የስፌት ማሽን ላይ ተደርድረዋል። በመሀል ጋሪ ያልፋል። ያለቀውን ብርድ ልብስ ቆልሎ ወዲያ ጫፍ ካለው መጋዘን ያደርሳል። እሷ ቆማ ስታይ ሁለት ወዛደሮች ጋሪ እየገፉ፣ እየተሳሳቁ መጡ። መስኮቱ አጠገብ ካለው ምሰሶ ሲደርሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቆሙ። ከዳርና ከዳር ሁለት ሰፊዎች ማሽናቸውን ትተው ተነሱ። ከዚያ አራቱም ጋሪውን ከነጭነቱ ብድግ አድርገው፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ተሸክመውት አለፉ። ከሚቀጥለው ምሰሶ ሲደርሱ ቀስ ብለው አስቀመጡት። ሰፊዎቹ ወደ ማሽናቸው፣ ወዛደሮቹ ወደ ሳቃቸው ተመለሱ።

ኢንጂነሯ ዓይኗን ማመን አቃታት። ጎማ ያለው ጋሪ ሰው ተሸክሞት ሲሄድ የዚያን ቀን ገና ማየቷ ነው።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለቻቸው።

«እዚህ ጋ አይገፋም» አላት አንደኛው፣ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«አይገፋማ።»

«ማን ነው አይገፋም ያለው?»

ወዛደሩ ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ጣሪያውን አየ። «ኧረ እንጃ ኢንጂነር። እኛ ስንቀጠርም አይገፋም ነበር።»

ወለሉ ቢሰነጠቅ ነው ብላ በመዶሻ አስቀጠቀጠችው። ወለሉ ከእሷ በላይ ጤነኛ ነው። ሰዎቹን ጠየቀች። አንዱ ከሥር የውሃ ቧንቧ አለ አላት፤ ቧንቧ የለም። ሌላው የድሮ ባለቤት ራስ ምታት ነበረባቸው አላት። ምሰሶው ሥር የምትሰፋዋ ሴት፣ ምላሷ ስለሚያቃጥልና ያለእሷ ቀኑ ስለማይጣፍጥ ቅመም የሚሏት፣ «ጋሪው ደክሞት ይሆናላ፤ እኛን የሚሸከመን ስለሌለ ነው እንጂ እኛም ደክሞናል» አለቻት። መልሱ እንደሰዉ ብዛት ነው። ጋሪውን የማያነሳ ግን አንድም የለም።

ከሁሉ የገረማት የክፍሉ ፎርማን ነው። ጡሩምባ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው፤ ማጠናቀቂያ ክፍል ሆኖ ሲጣራ ከሽመናው ጩኸት በላይ ይሰማል። ደረቅ ሰው ነው። ለደንብ ይሞታል፣ ለሰበብ ጆሮ የለውም። አንዷ ልጄ ታሞብኝ ነው ያረፈድኩት ካለች አለቀላት። «እኔን ማን አስታመመኝ?» ብሎ ይጀምራል። «እናቴ ሳላውቃት ሞተችብኝ። አክስቴ ቁራሽ ስትቆጥርብኝ አደግኩ። እኔን ማንም አላሳደገኝም፤ እዚህ የደረስኩት በገዛ ጉልበቴ ነው!» ይህን ንግግር ክፍሉ በቃሉ ይዞታል። ቅመም ከጀርባው ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ትለዋለች።

ይኸው ሰው ምሰሶው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። ስድቡን እዚያ ማዶ ጀምሮት ከሆነ እዚህ በሹክሹክታ ይጨርሰውና፣ ምሰሶውን ሲያልፍ እንደገና ያንባርቃል።

«እርስዎም?» አለችው ኢንጂነሯ አንድ ቀን እዚያው ቆማ።

«ምን እኔም?»

«እዚህ ጋ ሲደርሱ ድምፅዎን ይቀንሳሉ።»

«እኔ? በጭራሽ!» አለ፣ በሹክሹክታ።

ኢንጂነሯ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብላ ነገሩን በዘዴ ልታስተወው ቆረጠች። ትልልቅ አዳዲስ ጋሪዎች አስገዛች። ሲጫኑ አራት ሰው አይደለም ስምንት ሰው የማያነሳቸው ናቸው። ካልተነሳ ይገፋል ብላ ነው። የመጀመሪያው ጋሪ ምሰሶው ጋ ደርሶ ቆመ። ወዛደሮቹ ወዲህ ወዲያ ተያዩና ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ አወረዱት፤ በክንዳቸው ታቅፈው ምሰሶውን አሳለፉት፤ ባዶውን ጋሪ ተጋግዘው አነሱት፤ ከዚያ እንደገና ጫኑት። የዚያን ሳምንት ከመጋዘን የወጣው ዕቃ በግማሽ ቀነሰ።

ባለቤቱ ደወለ። ያን ጊዜ እንኳ አልጮኸም፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ ሲናገር የባሰ ነው። «ፎርማኑ ትዕዛዝ ካላስፈጸመ ምን ይሠራልኛል? እስከ ዓርብ ወይ ጋሪው ይገፋ፣ ወይ ሰውየው ይሰናበት» አላት።

ጡሩምባን ጠርታ ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እኔ ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም የለኝም» አለ። «ይገፋል። ራሴ እገፋዋለሁ።»

ሠራተኛውን ሁሉ አስቁሞ የተጫነውን ጋሪ ያዘ። «ዛሬ ጋሪው ይገፋል!» ብሎ ሲጮህ መስታወቱ ነዘረ። እየገፋ መጣ። ሰፊዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ምሰሶው ጋ ሲደርስ ጋሪው ቆመ። ወደኋላ ሳበው፤ ተንደርድሮ መጣ፤ እንደገና ቆመ። ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ሦስተኛ ሲሞክር እጁ መያዣውን ሲለቅ ኢንጂነሯ በዓይኗ አየች።

«እጄ እምቢ አለኝ» አላት ቀስ ብሎ። «ለምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ አላውቅም። ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፣ እሱን አውቃለሁ። ግን አልቻልኩም።» ከዚያ ፊቱን ከሰዉ ሸሽጎ ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኢንጂነሯ ተናዳ ነበር። አሁን ፈራች። ደንብ አምላኪ የሆነን ሰው፣ የዕለት ጉርሱን ከፊቱ አስቀምጠው ቢያስፈራሩትም የማይለቀው ይህ ነገር ምንድነው? ደግሞስ እሱን ለማሰናበት እጇ እንዴት ይታዘዝላታል?

«መዶሻን ይጠይቁ» አለቻት ቅመም፣ ለአንድ ጊዜ ሳትቀልድ። «የድሮው ተቆጣጣሪ ናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበረ ሰው በሕይወት የለም። ግን ይጠንቀቁ፤ ያባረሩት ሰው ቢሰለፍ ከዚህ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይደርሳል።»

ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ በራቸውን የከፈቱላት እንደማይፈለግ ሻጭ እያዩዋት ነበር። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። አልጋው እንደወታደር አልጋ ተነጥፏል፤ ጫማዎቹ በመስመር ቆመዋል። የመጣችበትን ስትነግራቸው ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች።

«ጋሪው አሁንም ይነሳል?» አሉ።

«ይነሳል።»

«ጎማ ተገጥሞለት የለም እንዴ?»

«ተገጥሞለትም ይነሳል፣ አባባ።»

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። «በዚያ ዘመን የጋሪው እግር ብረት ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ሲገፋ ሙት ይቀሰቅሳል። አንዲት ሰፊ ነበረችን፤ ማሽኗ ምሰሶው ሥር ነው። ባሏ ጥሏት ሄደ። የወለደችውን የምትተውለት ዘመድ አጣች። አንድ ቀን አዝላው በፎጣ ሸፍና አስገባችው። ደንቡ ግልጽ ነው፣ ሕፃን ይዞ የገባ ይሰናበታል። ደንቡን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሴቶቹ ከእኔ ሊደብቁት ተማማሉ። ከማሽኑ ሥር የቁርጥራጭ ሣጥን ነበር፤ እዚያ ውስጥ አስተኙት። ጋሪ ሲመጣ እንዳይቀሰቅሰው ያነሱታል። ሲያወሩ ያንሾካሽካሉ። የአንዷ ሸክም የሁሉም ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?»

«እርስዎ መቼ ደረሱበት?»

«በመጀመሪያው ቀን። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲያዛጋ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።»

ኢንጂነሯ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው አልሳቁም።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ካወቅኩ ማባረር አለብኝ። ስለዚህ አላወቅኩም» አሉ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጫማዬ ተረከዙ ብረት ነበር፤ ስመጣ ከውጭ በር ይሰማል። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ብረቱን በጉጠት ነቀልኩት። ሚስቴ ምነው ስትለኝ ጉልበቴን አመመኝ አልኳት። ከዚያ ድንገት ገብቼ ሴቶቹን እንዳላስደነግጥ፣ ሣጥኑን እስኪሸፍኑ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ እስላለሁ። ከእኔ በኋላ የመጡት አለቆችም እኔን እያዩ ይመስለኛል በሩ ላይ ይስሉ ነበር። ለምን እንደሚስሉ የሚያውቅ ግን አልነበረም።»

የኢንጂነሯ እጅ ሳታዝዘው ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። እሷም ትስላለች። በየጠዋቱ ማጠናቀቂያ ክፍል ከመግባቷ በፊት ሁለቴ ሦስቴ ትስላለች። ብናኙ ነው ብላ ነበር። ብናኝስ ሽመና ክፍል ይብሳል፤ እዚያ በር ላይ አንድም ቀን ስላ አታውቅም። ባለቤቱም ለጉብኝት ሲመጣ እዚያችው በር ላይ ሲስል ሰምታዋለች። ማንም አላስተማራትም፤ ማንም አልነገራትም። ገና ከመጣች ዓመት ሳይሞላት፣ ልማድ ልታጠፋ የመጣችው ሴትዮ፣ ለአንድ የማታውቀው ሕፃን ስትጠነቀቅ ከርማለች።

«ልጁ ሲያለቅስስ?» አለች ድምፅዋን አጥርታ።

«ይኸውልሽ፣ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። አንድም ቀን ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ ከማሽን ድምፅ በቀር ምንም የለም። ምን ዓይነት ጨዋ ሕፃን ነው እል ነበር።»

«ከዚያስ ምን ሆነ?»

«ልጁ መራመድ እንደጀመረ እናትየው ታመመች፤ አልተረፈችም። አክስቱ መጥታ ወሰደችው። ሴቶቹ ግን ምስጢሩን እንደቆለፉ ቀሩ። እኔ እንዳልሰማ፣ ለአዲስ ገቢ እዚህ ጋ አይገፋም ከማለት በቀር ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። አንድ በአንድ ሥራ ለቀቁ፣ ጡረታ ወጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ሴትዮ ጎረምሳ ይዛ ቢሮዬ መጣች። የእህቴ ልጅ ነው፣ እዚህ ትሠራ የነበረችው፣ ሥራ ስጠው አለችኝ። ማን ልበል አልኩት። የመለሰልኝ ድምፅ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ብርጭቆ አንጫጫው።»

«ጡሩምባ» አለች ኢንጂነሯ።

«እሱ ነው። ጋሪ እንዲገፋ አደረግኩት። ከድሮዎቹ ሴቶች አንዷ ብቻ ቀርታ ነበር። አይታ አወቀችው፤ ፊቷ እንደወረቀት ሲሆን አየሁ። ምሰሶው ጋ ሲደርስ እጁን ያዘችና እዚህ ጋ አይገፋም አለችው። ሌላ ምንም አላለችውም፤ እኔ ቆሜ እያየኋት ነበራ። ከእኔ ልትደብቀው ነው። ጠርቼ ንገሪው፣ እኔም አውቃለሁ ልላት አስቤ ነበር። አፌ አልደፈረም። እሷም ጡረታ ወጣች።»

«ለምን አሁን ራስዎ አይነግሩትም?»

«ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። አፌ ግን ነቀዘ» አሉ። «አንቺ ንገሪው። እኔ አውቅ እንደነበር ግን አታንሺ። መዶሻን አሞኝተው ነው ያሳደጉህ በይው። ድሉ የሴቶቹ ይሁን።»

ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ነው። ባሏ ቢያይ አሟታል ይል ነበር፤ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። እሷ የለጠፈችው ማስታወቂያ ሁሉ በወሩ ይቀደዳል። ያስተማረችው ሥልጠና ሻይ ሰዓት ላይ ይረሳል። ይኸኛው ግን አልተጻፈም፣ አልተሰበሰቡበትም፣ የሚያዝዘውም የለም። የጀመሩት ሴቶች የሉም፤ ብረቱ በጎማ ተተክቷል፤ ሕፃኑ ጸጉሩ ሸብቷል። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት የማይተዋወቁ ሰዎች እጃቸውን ከጋሪው ሥር ያስገባሉ። ትልቅ ነገር ነው አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። መንገደኛ ዞሮ አያት። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ውስጥ መሆኗን ሳታውቅ ልትሰብረው ትንሽ ነበር የቀራት።

ዓርብ ጠዋት ለባለቤቱ ደወለች።

«ሰውየውን አላሰናብትም» አለችው። «ማጠፊያ ጠረጴዛዎቹን አስጠጋለሁ። ጋሪው ከምሰሶው ጀርባ ዞሮ ይሄዳል። ትንሽ ይረዝማል፤ ከማውረድና ከመጫን ግን ይፈጥናል።»

«ልማዱን እንድታጠፊ አይደል እንዴ የቀጠርኩሽ?»

«ነው። ይኸኛውን ግን አልነካውም። ካልተመቸዎት ማሰናበቱን ከእኔ ይጀምሩ።»

«ሥራው ከፈጠነ ሰውየው ይቆይ» አለ። «ግን ምን አግኝተሽ ነው?»

«ሲመጡ እነግርዎታለሁ። እስከዚያው ማጠናቀቂያ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ራስዎን ያዳምጡ» አለችና ዘጋችው።

ጡሩምባ ምሰሶው ጋ ቆሞ ይጠብቃታል። ኮቱን ለብሷል፤ የሎከሩን ቁልፍ ለማስረከብ በእጁ ይዟል። ሰፊዎቹ ሥራ አልጀመሩም። ሁሉም ዛሬ እንደሚሰናበት ሰምተው ጸጥ ብለዋል።

«ይኸው ቁልፉ» አላት በዚያችው የሹክሹክታ ድምፁ። «ሰው ፊት እንዳይሆን ብዬ ነበር። ግድ የለም።»

«ቁልፉን ይያዙት። ይቆያሉ። ሌላ ነው የምነግርዎት።»

ነገረችው። ሣጥኑን ነገረችው፤ ቁርጥራጩን፣ የጋሪውን የብረት እግር፣ ተማምለው መዶሻን ያህል ሰው ያሞኙትን ሴቶች ነገረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ይዛ እዚህ ጋ አይገፋም ያለችው ሴትዮ ማን እንደነበረች ነገረችው። የሽማግሌውን ድርሻ ብቻ እንደቃሏ ዋጠችው።

ጡሩምባ መጀመሪያ «ተረት ነው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቅመምን ማሽን ሥር አየ። እዚያ አሁን ሣጥን የለም፤ የተጠቀለለ ክርና የቅመም ነጠላ ጫማ ነው ያለው።

«ስንት ሰዎች ነበሩ?» አለ።

«ክፍሉ በሙሉ።»

«በሙሉ?»

«አንድም ሰው አልቀረም።»

«እኔ እኮ ማንም...» ብሎ ጀመረ። ያንን በቃላቸው የያዙትን ንግግር ሊጨርሰው አልቻለም። ምሰሶውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎበት በማያውቀው ቦታ ያ ድምፅ እንዳለ ወጣ።

የቅመም እግር ፔዳሉ ላይ ወረደ። ማሽኗ ጨርቅ ሳይኖረው ጮኸ። አጠገቧ ያለችው ረገጠች፤ ከዚያ ማዶዋ ያለችው፤ ከዚያ ረድፉ በሙሉ፤ ከዚያ እስከ መጋዘኑ ጫፍ ድረስ። መርፌዎቹ ሁሉ አየር ይሰፋሉ። አንድም ሰው ወደ ጡሩምባ አያይም፤ ሁሉም መርፌው ላይ አቀርቅሯል። ኢንጂነሯ አጠገቡ ቆማ ትከሻው ሲርገፈገፍ ታያለች፤ ድምፁን ግን አትሰማውም።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ጨርቅ እኮ የለም!» ብላ ቅመም ጆሮ ላይ ጮኸች።

«ሰው ሲያለቅስ ፔዳል ይረገጣል!» አለች ቅመም ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «እናቴ የሞተች ጊዜ ለእኔም ረግጠውልኛል!»

መዶሻ የዚያን ሕፃን ለቅሶ አንድም ቀን ያልሰሙት ለዚህ ነበር። በቅመም ሌላ ጎን ያለው ማሽን ሰፊዋ የዚያን ቀን ስላልመጣች ባዶውን ቆሟል። ኢንጂነሯ መስፋት አትችልም። ወንበሩን ሳበች፤ ተቀመጠች፤ ማብሪያውን ተጫነች፤ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ረገጠችው።